አንድ ጽዋ፣ ሁለት አፍ

ጡረተኛው የመስኖ መሐንዲስ አቶ ወልደሥላሴ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ አራተኛውን ወይን ቀምሰው ሳይጨርሱ ወደቁ። ሆስፒታል ሳይደርሱም አረፉ። እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተር ኑኃሚን ለቤተ ክርስቲያን ጫማዋን እያሰረች ሳለ አለቃዋ ደወለ።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት። «ወይኑን ስትቀዳ የነበረችው ልጅ አምናለች። አንቺ ቃሏን በወጉ ጻፊና ነገ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት እናቀርባታለን።»

«ምን ብላ ነው ያመነችው?»

«‹እኔ ነኝ የገደልኳቸው› ብላ ነዋ! ሌላ ምን ትበል?»

ኑኃሚን ጫማዋን አስራ ጨረሰችና ወደ ጣቢያ ሄደች። በአሥራ አንድ ዓመት የፖሊስ ሥራ የተማረችው ነገር ቢኖር፣ ያለቀ የሚባል ነገር ብዙ ጊዜ ያልተጀመረ መሆኑን ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ላንቴ ተወልዳ በሙዝ ማሳ መካከል ያደገች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ሰው ሲያወራ አታቋርጥም፤ ይህም ጠባይዋ ከዱላ የበለጠ ብዙ ሰው አናዝዟል።

ለሊሴ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ከሻሸመኔ መጥታ አርባ ምንጭ የሆቴል አስተዳደር ተማረች፤ ከተመረቀች ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ስትፈልግ ቆይታ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በአንድ ሎጅ በቋሚነት ልትቀጠር ነበር። እስከዚያው ሰው ቤት ድግስ ሲኖር እየሄደች ታስተናግዳለች። አሁን አግዳሚው ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። ነገ ፍርድ ቤት ከቆመች ሎጁ እንደማይጠብቃት ታውቃለች። ግን ያን እንኳን አላነሳችም።

«ለሊሴ፣ በምን ገደልሻቸው?»

«በወይኑ።»

«ወይኑ ውስጥ ምን ጨመርሽበት?»

«ወይን።»

ኑኃሚን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወይን ላይ ወይን ጨምሮ ሰው መግደል በየትኛው አንቀጽ እንደሚያስከስስ ለጊዜው ትዝ አላላትም።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለች።

ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገች። «ዶክተር ፋኑኤል ነው አራቱን ጠርሙስ ያመጣው። አንዱ ከስፔን፣ አንዱ ከቺሊ፣ አንዱ ከኡራጓይ፣ አንዱ ከአርጀንቲና። ሦስተኛው፣ የኡራጓዩ፣ ኃይለኛ ነው አለኝ። ከሁለት ሰዓት በፊት ክፈቺውና አየር ያግኝ አለኝ። ከፈትኩት። ዘወር ስል ክርኔ መታው። ወይኔ! ከትንሽ በቀር ሁሉም መታጠቢያው ውስጥ ፈሰሰ።»

«ከዚያስ?»

«በባጃጅ ታች ሲቀላ ሰፈር ወረድኩና የአገር ውስጥ ቀይ ወይን ገዛሁ። ጣፋጩን። እሱን ገለበጥኩበት። ቀለማቸው ያው ነው። ያን ያህል አገር አቋርጦ የመጣ ወይን በእኔ ክርን ፈሰሰ ብዬ እንዴት አድርጌ ልናገር? አፈርኩ።» እንባዋ እንደገና መጣ። «የውጭው ከአገር ውስጡ ሲደባለቅ መርዝ ሆነ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«ሦስተኛውን ወይን ማን ማን ጠጣው?»

«ሁሉም።»

«ማን ሞተ?»

«ጋሽ ወልዴ ብቻ።»

«ታዲያ ያንቺ ወይን ሰው ይመርጣል?»

ለሊሴ ቀና ብላ አየቻት። ከትናንት ወዲህ ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ብርጭቆዎቹን ማን አጠባቸው?»

«እኔ። ዶክተር ከእያንዳንዱ ወይን በኋላ እጠቢ ብሎኛል፤ ጣዕሙ እንዳይቀላቀል።»

ኑኃሚን ከጣቢያው እንደወጣች ሆስፒታል ደወለች። ሐኪሙ የላቦራቶሪው ውጤት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ ነገር ግን እሱ በበኩሉ እንደማይጠራጠር ነገራት። የዓይናቸው ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቦ ነበር፤ ላብና ምራቅ አጥለቅልቋቸዋል። የሙዝ ገበሬ የሚረጨው ዓይነት የተባይ መድኃኒት ነው። ከተጠጣ በኋላም ምልክቱ እስኪታይ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ኑኃሚን በማስታወሻዋ ላይ «ሦስተኛው ወይን» ብላ ጻፈች።

ሴቻ ያለው ቤት ደጃፍ ላይ ድንኳን እየተተከለ ነበር። የሟች ባለቤት እትዬ እጅጋየሁ በጥቁር ነጠላ ተጠቅልለው መኝታ ቤት ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ከባላቸው ጋር ከጎንደር ከመጡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ኑኃሚን ገና «እግዜር ያጽናዎት» ብላ ሳትጨርስ ተናገሩ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ።

ኑኃሚን ወንበር ስባ ተቀመጠች። በአንድ ጠዋት ሁለተኛ ገዳይ መሆኑ ነው።

«ላቡ ሲንቆረቆር አየሁ። ምራቁ ሲወርድ አየሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሕመምተኛ ያየሁ ሰው ነኝ! እኔ ግን ሰከረ ብዬ ‹አንተ ሰውዬ፣ በሽምግልናህ አታዋርደኝ› አልኩት። በሰው ፊት። የመጨረሻ ቃሌ ይኸው ነው።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ በወጉ አናግሬውም አላውቅም። ሐሙስ ሐሙስ ላንቴ ይሄድ ነበር። አቧራ ለብሶ ይመለሳል፤ ብጠይቀው ‹ቆይ፣ እነግርሻለሁ› ይላል። በዚህ ዕድሜው ሴት ይዞ ነው ብዬ አኮረፍኩት።»

«ለፖሊሶቹ ለሊሴ ናት ያሏቸው እርስዎ ነዎት?»

«ብርጭቆውን በጥድፊያ ያጠበችው እሷ ናት። ሌላ ማንን ልበል? የዕድሜ ልክ ጓደኛውን ባዘዘውን ልል ነው? ከአንድ ብርጭቆ እኮ ነው የጠጡት!»

«እንዴት ከአንድ ብርጭቆ?»

እትዬ እጅጋየሁ በሐዘናቸው መካከል ፈገግ ለማለት ቃጣቸው። «ወጣት ሆነው ደጋ ጋሞ መስኖ ሲሠሩ የለመዱት ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ መቼም። ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው፣ ሁለት አፍ በአንድ ጽዋ። ድግስ ባለ ቁጥር ሦስተኛው ዙር የእነሱ ነው። ታናሹ ጽዋውን ይዞ ይመጣል፤ ባዘዘው በሁለት ዓመት ያንሳል። ትናንትም እሱ ይዞለት መጣ፤ አንድ ላይ ጠጡ፤ እኛ አጨበጨብንላቸው።»

ኑኃሚን ማስታወሻዋን ገለጠች። መርዙ በዚያ ብርጭቆ ውስጥ ከነበረ ሁለት ሬሳ መኖር ነበረበት። ካልነበረ ደግሞ የት ነበር? ሌላው ሰው ከየራሱ ብርጭቆ የጠጣው ያንኑ የሲቀላ ወይን ነው፤ ማንንም አላመመውም።

ከመውጣቷ በፊት ወጥ ቤት ገባች። ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው፣ ከሙዝ ልጣጭ ሥር፣ ባዶውን የአገር ውስጥ ወይን ጠርሙስ አወጣች። ልጅቷ እውነቷን ነው።

ዶክተር ፋኑኤል በድንኳኑ ጥግ ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ስፔን ስለ አትክልትና ፍራፍሬ ተምሮ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ስለ ወይን ሲያወራ ሰዓት አይበቃውም ይባላል። ዛሬ ግን ቃል ከአፉ በግድ ነው የሚወጣው።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አላት።

«እርስዎ ሦስተኛ ነዎት» አለች ኑኃሚን። «በምን ምክንያት?»

«ወይኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛውን ስቀምስ ትክክል እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ታናት ይባላል፤ አፍ የሚያደርቅ፣ ድድ የሚጨመድድ፣ ስኳር የሚባል ያልነካው ወይን ነው። እኔ የቀመስኩት እንደ ሽሮፕ ይጣፍጣል! ‹አቁሙ፣ አትጠጡ› ማለት ነበረብኝ። ዶክተር የተባልኩ ሰው የገዛ ወይኔን አላውቀውም ማለት አፍሬ ዝም አልኩ።»

«ወይኑ መርዝ አልነበረበትም። ያንን በኋላ እነግርዎታለሁ። ስትቀምሱ ትጽፉ ነበር?»

ፋኑኤል ከቦርሳው አንድ ጥቅል ወረቀት አወጣ። የወይን ቀማሽ ማኅበራቸው ሕግ ነው፦ ቀማሽ ሁሉ መጀመሪያ ጠጥቶ የተሰማውን ይጽፋል፤ ፋኑኤል ማብራሪያ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ከሦስት ቀን በፊት ስለ አራቱም ወይኖች አንድ ገጽ አትሞ ለሁሉም በትኖ ነበር። ኑኃሚን ወረቀቶቹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ማንበብ ጀመረች።

የሟቹ ጽሑፍ በእርሳስ፣ በረድፍ የተደረደረ ነው። በሦስተኛው ላይ፦ «ጣፋጭ። መጨረሻው ግን ምላስ ላይ መረር ይላል። የሰው አገር ጣዕም መቼስ አያልቅም!»

ይህን ደግማ አነበበችው። ሰውየው የሚያውቀው ጠጅ ወይም የሚያውቀው ቢራ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ጉንጭ ይተፋው ነበር። የማያውቀው ወይን ስለሆነ መርዙን የአገሩ ጠባይ ነው ብሎ አከበረው።

የእትዬ እጅጋየሁ ባጭሩ፦ «እንደ ለስላሳ ነው። ከሁሉም ይኼ ተሻለኝ።»

የፋኑኤል፦ «ይጣፍጣል። ይህ ታናት ከሆነ እኔ...» ይልና ተሰርዟል።

የአቶ ባዘዘው ወረቀት በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ነው፤ ሰውየውም ቀልደኛ ናቸው። አንደኛው፦ «ወረቀቱ ቼሪ ይላል፤ ቼሪ በልቼ አላውቅም። ለእኔ አጋም አጋም ይላል።» ሁለተኛው፦ «ቃሪያ ይሸታል የተባለው ውሸት ነው። አዲስ ጫማ ነው የሚሸተው።» ሦስተኛው፦ «ደረቅ። ድድ የሚጨመድድ። ስኳር የሌለው። ጠንካራ ወይን።» አራተኛው፦ «የበሰለ ኮክ ነው እንጂ የተባለው ፕለም የለበትም። ፋኑኤል ይታረም።»

«ፎቶ አንስተው ነበር?» አለች ኑኃሚን፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ።

ፋኑኤል ስልኩን ሰጣት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ሲጠጡ ሁለት ፎቶ አለ፤ አቶ ወልደሥላሴ በቀኝ፣ አቶ ባዘዘው በነጭ ሸሚዝ በግራ። ሁሉም ይስቃል። በአራተኛው ዙር የተነሳው ፎቶ ላይ አቶ ወልደሥላሴ ግንባራቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። አጠገባቸው አቶ ባዘዘው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ድረስ ቆልፈው ይጽፋሉ።

«ትናንት ያ ሁሉ ሙቀት!» አለች ኑኃሚን።

«በረንዳው እሳት ነበር» አለ ፋኑኤል፣ ምን እንደገረማት ሳይገባው።

የአቶ ባዘዘው ቤት ቅርብ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ንጹሕ ለባሽ ሰው ናቸው። ላንቴ አንድ ሄክታር የሙዝ ማሳ አላቸው። ኑኃሚንን በክብር ተቀበሏት፤ ውኃ አስመጡላት።

«ወልዴ ወንድሜ ነበር» አሉ። «ምን ይደረግ? የሰጠ ጌታ ነሳ።»

«እርስዎ ራስዎን አይወቅሱም?»

«በምን?»

«እንጃ። ዛሬ ያነጋገርኳቸው ሰዎች ሁሉ ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ብለውኛል። ራሱን የማይወቅስ ሰው የሌለበት ቤት ነው። እርስዎ ብቻ ነዎት ለፈጣሪ የተውት።»

«ሰው ሲሞት ሞኝ ሁሉ ራሱን ይወቅሳል» አሉ አቶ ባዘዘው። «ከአንድ ብርጭቆ ጠጥተናል። እኔ በሕይወት አለሁ። ስለዚህ ያችን ልጅ ጠይቂያት።»

ኑኃሚን ውኃውን ጠጥታ፣ አመስግና ወጣች። መንገድ ላይ ሁለት ስልክ ደወለች። አንዱ ለኮንስታብል የአብስራ ነው፤ ወደ ላንቴ ላከችው። ሁለተኛው ለአቶ ባፈና ነው። አቶ ባፈና የላንቴ ሽማግሌ ናቸው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቋታል።

«አዎ፣ ያ የሞተው ሰውዬ ሐሙስ ሐሙስ እኔ ጋ ነው የሚመጣው» አሏት፣ በዚያ ቃል በቃል በሚረግጥ አማርኛቸው። «ጎሜ አለብኝ አለ። እውነት ነው፣ አለበት። እኔ ዝም ብዬ ሰማሁ።»

ለጋሞ ሰው ጎሜ ያልተናዘዙት በደል ነው። እስኪነገር ድረስ ቤትን፣ ልጅንና ከብትን ይከተላል። የሚነጻውም በደለኛው በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በዱቡሻው ሜዳ ቆሞ ሳይደብቅ ሲናገር ነው።

«ምን ነበር በደሉ፣ አባባ?»

«እሱን በዱቡሻ ማክሰኞ ይናገር ነበር። ያልተነገረ ጎሜ በእኔ አፍ አይወጣም። አንድ ነገር ግን እነግርሻለሁ፣ ልጄ። አንድ ሰው ብቻ የሠራው አይደለም። ጓደኛህን ይዘህ ና፣ ግማሽ ጎሜ አይነጻም አልኩት። እሺ፣ እነግረዋለሁ አለ።»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ። ከበታች የአባያ ሐይቅ በሙቀቱ ጭጋግ ውስጥ ቀልቶ ይታያል። እትዬ እጅጋየሁ፣ ፋኑኤልና አቶ ባዘዘው ትናንት የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ለሊሴን ሁለት ፖሊሶች አመጧት፤ ከምሰሶው አጠገብ ቆመች። አለቃውም መጥቷል፤ ሰዓቱን ያያል።

«በመጀመሪያ አንድ የተደበቀ ሐፍረት እናውጣ» አለች ኑኃሚን። «ሦስተኛው ጠርሙስ ውስጥ የነበረው የኡራጓይ ወይን አልነበረም። እሱ ፈስሶ አልቋል። ለሊሴ ደንግጣ ከሲቀላ በገዛችው ጣፋጭ ወይን ተካችው። መርዝ አይደለም፤ ከየራሳችሁ ብርጭቆ የጠጣችሁት ደህና ናችሁ።»

ፋኑኤል ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ጣፋጭ ነው ብዬ ነበር እኮ!»

«ብለዋል። ጽፈውታልም። እትዬ እጅጋየሁም እንደ ለስላሳ ነው ብለው ጽፈዋል። ጋሽ ወልደሥላሴም ጣፋጭ ብለዋል፤ ከመራራ ጋር። መራራው በእሳቸው ብርጭቆ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ግን ምን ብሎ ጻፈ?» ወረቀቱን አነሳች። «‹ደረቅ። ድድ የሚጨመድድ። ስኳር የሌለው።› ይህ ፋኑኤል አትሞ የበተነው ገጽ ላይ ያለው ነው፣ ቃል በቃል። ጠርሙሱ ውስጥ ያልነበረ ወይን ጣዕም ነው። ጋሽ ባዘዘው፣ ያልጠጡትን ነው የጻፉት።»

አቶ ባዘዘው ሳቁ። «የተጻፈ አንብቤ ተሳሳትኩ። ሽማግሌ ነኝ። የተነገረውን የሚቀምስ ሰው ሞልቷል።»

«ሞልቷል። እርስዎ ግን እንደዚያ አይደሉም። በአንደኛው ወረቀቱን ተከራከሩት። በሁለተኛው ውሸት ነው አሉት። በአራተኛው ፋኑኤል ይታረም አሉ። ከአራት ወይን በሦስቱ ከወረቀቱ የተጣላ ሰው፣ በአንዱ ብቻ፣ ወረቀቱ ፈጽሞ በተሳሳተበት በዚያው፣ አሜን ብሎ ተቀበለ።»

«ጉንጭ ለጉንጭ ጠጥተናል! ፎቶ አለ!»

«አለ» አለች ኑኃሚን። «የአብስራ፣ ና። ዶክተር ፋኑኤል፣ እርስዎም ይነሱ።»

አንድ ብርጭቆ ውኃ ሞላች። ሁለቱን ጉንጭ ለጉንጭ አጋጠመቻቸው፤ በየአብስራ ጆሮ አንድ ነገር አንሾካሾከችና ብርጭቆውን አፋቸው ላይ አደረገች። ሁለቱም ጎንበስ አሉ። ከሩቅ ላየው ሁለቱም ይጠጣሉ። ውኃው ግን በየአብስራ በኩል በአገጩ ወርዶ የደንብ ልብሱን አንገትጌ አበሰበሰው።

«ከንፈርህን ግጠም አልኩት» አለች። «እኔ ላንቴ ነው ያደግሁት። እዚያ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለት አፍ አንድ ላይ ሲጠጣ አንዱ ካልዋጠ በእሱ በኩል ይፈስሳል። ለዚያም ነው የእርቅ ጽዋ የሆነው፤ የሚያታልልን ሰው ደረቱ ያጋልጠዋል። ጋሽ ባዘዘው ትናንት በዚያ ሙቀት ኮትዎን እስከ አንገትዎ ድረስ ቆልፈዋል። ምን ለመሸፈን ነበር?»

አቶ ባዘዘው እጃቸው ሳያስቡት ወደ አንገትጌያቸው ሄደ።

«ጽዋውን ከጠረጴዛው ያመጡት እርስዎ ነዎት፤ ታናሽ ስለሆኑ። ላንቴ ካለው የማሳዎ መጋዘን ደግሞ የአብስራ ሰሞኑን የተከፈተ የተባይ መድኃኒት አግኝቷል። ዘበኛው ረቡዕ ዕለት እርስዎ ራስዎ እንደከፈቱት ነግሮታል። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፦ ለምን? ጋሽ ወልደሥላሴ ማክሰኞ በዱቡሻው ሊቆሙ ነበር። አብረን እንቁም አሉዎት። ጎሜው የሁለታችሁ ነው።»

እትዬ እጅጋየሁ ቀስ ብለው ወደ አቶ ባዘዘው ዞሩ። «ላንቴ የሚሄደው ለዚህ ነበር?» አሉ። «አንተ ታውቃለህ። ንገረኝ።»

አቶ ባዘዘው ሐይቁን ያዩ ነበር። ሲናገሩ ያ የቀልደኛ ድምፃቸው አልነበረም።

«አሥራ ስምንት ዓመት ይሆነዋል። ከአንድ ግብዣ ስንመለስ የመሥሪያ ቤቱን መኪና እኔ ነዳሁ። ጠጥቻለሁ። ላንቴ መንገድ ላይ አንድ ገበሬ ገጨሁ፤ ወዲያው ሞተ። ሾፌራችን ደግፌ ከኋላ ተኝቶ ነበር። ‹ሲነዳ የነበረው ደግፌ ነው› ብለን ተስማማን። ወልዴ መሰከረ። ደግፌ ሰባት ዓመት ታሰረ። ሲወጣ ዓመት አልቆየም፤ ሞተ።» ትንፋሻቸውን ዋጡ። «ልጆቼ በስሜ ነው ሰው ፊት የሚቆሙት። ወልዴ መጥቶ ‹ጎሜ ይዞናል፤ እንቅልፍ የለኝም፤ አብረን እንናገር› አለኝ። ጎንደር የተወለደ ሰው ጎሜ ይላል! ለመንኩት። እምቢ አለኝ።»

«ስለዚህ ጉንጭህን ሰጠኸው» አሉ እትዬ እጅጋየሁ።

«ሲውጥ በጉንጬ ይሰማኝ ነበር» አሉ አቶ ባዘዘው። «አንድ። ሁለት። ብርጭቆውን ገፍቼ ልደፋው አሰብኩ። እጄ ብርጭቆው ላይ ነበር እኮ! ሦስተኛውንም ዋጠ። አልደፋሁትም።»

አለቃው ምልክት ሰጠ። ፖሊሶቹ ለሊሴን ለቀው ወደ አቶ ባዘዘው ሄዱ። ሰውየው ሳይጎተቱ ተነሡ፤ በበረንዳው ደረጃ ሲወርዱ ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀላቸው።

ለሊሴ ከምሰሶው አልተንቀሳቀሰችም። ነፃ መሆኗ የገባት አይመስልም። ኑኃሚን ቀርባ ክንዷን ያዘቻት።

«ነገ ፍርድ ቤት የለም» አለቻት። «ያ ወይን ባይፈስ ኖሮ የሰውየው ወረቀት ትክክል ይሆን ነበር። እኔም አላውቅም ነበር።»

«ዋሽቻለሁ ግን» አለች ልጅቷ።

እትዬ እጅጋየሁ ከወንበራቸው ተነሡ። በረንዳውን በሁለት እርምጃ አቋርጠው ለሊሴ ፊት ቆሙ፤ ከዚያ እነዚያ ያረጁ ጉልበቶች ሲሚንቶው ላይ ወረዱ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ማስረጃ ሳይኖረኝ ጣቴን የቀሰርኩብሽ እኔ ነኝ። የሰው ልጅ ነሽ፤ እናትሽ ሩቅ ናት፤ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነው። ባዘዘውን ለመጠርጠር አፍሬ አንቺን ሰጠሁ። እነሱ ደግፌን እንደሰጡት።»

ለሊሴ ደንግጣ እሷም ተንበረከከች። «ኧረ እማማ፣ በማርያም! እኔ ነኝ ይቅርታ የምለው። ወይኑን ደፍቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ይነሱ፣ ይነሱ!»

«አንቺ ቅደሚ። እኔ ይቅር ሳልባል አልነሣም።»

«ምሬዎታለሁ እኮ! እርስዎ ይቅደሙ።»

«ከልብሽ ነው?»

ልጅቷ መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች። ቃሉ ግን አልመጣም፤ የአንድ ሌሊት እስር ገና ከፊቷ ላይ አልለቀቀም። አሮጊቷ አይተዋታል። አልተቆጡም፤ አልቸኮሉም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጠበቁ።

ኑኃሚን ሁለቱን ለማንሣት እጇን ዘርግታ ነበር። መልሳ ሰበሰበችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እንደ ልማዷ ሳታቋርጥ ልትጠብቅ።